ቀረጻው የማን ነው? በቅጽበት የሚፈጠር ሙዚቃና የባለቤትነት መብቱ

ከፎገራ ሜዳ ብዙም በማትርቀው ባሕር ዳር ከተማ፣ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ አንድ አሮጌ ካሴት አገኘ። ካሴቱ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ በ1985 በአሜሪካ የሠሩት ነው። በአነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻቸውን ተጫውተው፣ በከበሮ ማሽን አጅበው፣ የሀገር ቤት ዜማዎችን በጃዝ ስልት አስፍተዋቸዋል።

ሰብሳቢው ሲደውልላቸው ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ በ2013 ዳግም ታተመ፤ ትርፉም ለአሳታሚውና ለሙዚቀኛው እኩል የሚካፈል ሆነ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሰው እ.ኤ.አ በ2018 አዲስ አልበም አወጡ።

ስልኩ የተደወለው ለተጫዋቹ ለራሳቸው እንጂ ለሌላ ነጋዴ አለመሆኑን ልብ ይሏል። በሀገራችን ይህ የተለመደ አልነበረም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ ፈቃድ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ወጣቱ የሙዚቃ ቤት ባለቤት አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ በ1969 ይህን ሰብሮ፣ መጀመሪያ በሕንድ፣ ኋላም በሊባኖስ ሸክላ እያስመረተ የእነ ዓለማየሁ እሸቴንና የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች አሳተመ። ድፍረቱ የሚደነቅ ነው። ይሁንና አምሃ ነጋዴ እንጂ ተጫዋች አልነበሩም፤ ከመንግሥት ነጻ መሆንና የሙዚቀኛው ንብረት መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጉዳዩ በቅጽበት ለሚፈጥሩ ሙዚቀኞች ይበልጥ ይከብዳል። በሠርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ ግጥሙን እዚያው የሚያፈልቀው አዝማሪም ሆነ የጃዝ ተጫዋቹ በወረቀት የሰፈረ ኖታ የላቸውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ጥበቃ የሚሰጠው ወጥ ለሆነና ግዙፍነት ላገኘ ሥራ ነው። ስለዚህ ለእነርሱ ቀረጻው ራሱ ሰነዳቸው ነው። ሳይቀረጽ ያለፈ ዜማ እንደ ድርሰት ጥበቃ ባያገኝም፣ ከዋኙ ያለ ፈቃዱ እንዳይቀረጽ የመከልከል መብት አለው። ዛሬ ስልኩን አውጥቶ የማይቀርጽ ሠርገኛ ስለሌለ ይህን ማወቅ አይከፋም።

ቀረጻውን አነሳስቶ ኃላፊነቱን የወሰደው ወገን በሕጉ ፕሮዲዩሰር ይባላል፤ የእርሱም የከዋኙም መብት ለ50 ዓመታት የተጠበቀ ነው። ሙዚቀኛው የስቱዲዮውን ወጪ ራሱ ሸፍኖ ካስቀረጸ ሁለቱም መብቶች በእጁ ይሆናሉ። በአንድ ጊዜ ክፍያ ከሸጠ ግን፣ ምርቱን ሳይፈለፈል በአጨዳ ሰሞን ዋጋ እንዳስረከበ የሩዝ ገበሬ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትርፍ አይመለከተውም።

መብትን ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት። በባንድ ሲሠራ ደግሞ ድርሻው ከቀረጻው በፊት ቢጻፍ ይሻላል፤ በጃዝ ባሱን የሚመታውም ዜማ ፈጣሪ ነውና፣ ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ክፍፍል ወዳጅ ያጣላል። ዋናውን የቀረጻ ፋይል ለስቱዲዮው ብቻ ትቶ መሄድም አይገባም።

የራስን ሥራ በራስ ማሳተም ኪሳራውንም የራስ ያደርጋል። ከኃይሉ ካሴት እስከ ዳግም ኅትመቱ 28 ዓመታት አልፈዋል፤ በዚያ መካከል ለዓመታት እንጀራቸው ከታክሲው ነበር።