ማኅበር ያዳናት ትንሿ ባቡር

በብሪታንያ ምዕራባዊ ክፍል በዌልስ ገጠር ውስጥ፣ ታይዊን ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተነሥቶ ወደ ተራራ የሚወጣ አንድ ትንሽ የባቡር ሐዲድ አለ። ስሙም ታሊሊን ይባላል። ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋትም 69 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቀድሞው የጅቡቲ - አዲስ አበባ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር እንደነበር ለሚያውቅ ሰው፣ የዚህኛውን ጥበት መገመት አያዳግተውም። ይሁን እንጂ በበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከመዘጋት በመዳን ረገድ በዓለም የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ይኸው ነው።

ሐዲዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. የተዘረጋው፣ ብሪን ኤግልዊስ ከተባለው የድንጋይ ካባ የሚወጣውን ስሌት የተሰኘ ጠፍጣፋ የጣሪያ ድንጋይ ለማጓጓዝ ነበር። ጠባብ ሐዲድ በተራራማ አገር ለመጠማዘዝ ያመቻል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ሥራውንም ታሊሊን እና ዶልጎኽ የተባሉ ሁለት ትናንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ለብዙ ዘመን ተሸክመውት ኖረዋል።

በ1946 ዓ.ም. የድንጋይ ካባው በመደርመሱ ተዘጋ። የሐዲዱ ባለቤት ሰር ሄንሪ ሄይደን ጆንስ ግን በሕይወት እስካሉ ድረስ ባቡሩ እንደማይቆም ቃል ገብተው ስለነበር፣ ከኪሳቸው እየደጎሙ አስኬዱት። በ1950 ዓ.ም. እሳቸው ሲሞቱ ሐዲዱ በሣር ተውጦ፣ ከሥሩ የተነጠፉት እንጨቶች በስብሰው ነበር። ከሁለቱ ሎኮሞቲቮችም መንቀሳቀስ የምትችለው ያረጀችው ዶልጎኽ ብቻ ነበረች። እሷም ከቆመች የሚቀረው ብረቱን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ መሸጥ ነበር።

በዚህ ጊዜ ቶም ሮልት የተባሉ ደራሲ ኦክቶበር 11 ቀን 1950 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ከተማ ስብሰባ ጠርተው ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረቡ። በዚያም የጥበቃ ማኅበር እንዲቋቋም ተወሰነ። አባላቱ መዋጮ ከማዋጣት ሌላ የዕረፍት ቀናቸውን እየሰጡ ሣር አጨዱ፤ የበሰበሰውን እንጨት ለወጡ፤ ቲኬት ሸጡ። ሜይ 14 ቀን 1951 ዓ.ም. ዶልጎኽ በማኅበሩ ስም የመጀመሪያውን ተሳፋሪ ይዛ ተነሣች።

ነገር ግን በአንዲት አሮጌ ሎኮሞቲቭ ብቻ ብዙ መጓዝ አይቻልም። ማኅበሩ በ1948 ዓ.ም. ከተዘጋው የኮሪስ ሐዲድ፣ ስፋታቸው ከታሊሊን ጋር አንድ ነው የተባሉ ሁለት ሎኮሞቲቮችን በ1951 ዓ.ም. በርካሽ ገዛ። ሆኖም አንደኛዋ ሥራ እንደጀመረች ከሐዲድ እየወጣች አስቸገረች። ነገሩ ሲመረመር፣ የታሊሊን ሐዲድ ለራሱ ሎኮሞቲቮች እንዲመች ተብሎ ከድሮ ጀምሮ በደንቡ ከተጻፈው ስፋት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ጥቂት በለጥ ብሎ የተነጠፈ ሆኖ ተገኘ። የአዲሲቱ መንኰራኵር ደግሞ ጠርዙ ጠባብ ስለነበር በሐዲዶቹ መካከል ይወርዳል። በወረቀት ላይ አንድ የነበረው ልክ በመሬት ላይ አንድ አልነበረም። ለወፍጮ ቤቱ መለዋወጫ ሳይለካ ገዝቶ ያመጣ ማኅበር ይህ ዓይነቱ ችግር እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለተኛይቱ ሎኮሞቲቭ ብዙ ጥገና የሚያስፈልጋት ነበረች። ከማኅበሩ አባላት አንዱ በሊድስ ከተማ የሚገኘው የሀንስሌት ሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ሊቀ መንበር ስለነበሩ፣ በፋብሪካቸው ያለ ክፍያ አስጠገኑለት። እሷም በ1952 ዓ.ም. ለሥራ ደረሰች።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞተሩ በቁልፍ እንደሚነሣ መኪና አይደለችም። እሳቷ ከጉዞ በፊት ብዙ ሰዓት ቀድሞ መለኮስ አለበት። ቦይለር በሚባለው የውሃ ማፍሊያ ጋኗ ውስጥም፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ፣ ደለል ይጠራቀማል። ዝቃጩ በየጊዜው ካልታጠበ ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ሲብስም ቦይለሩ ሊፈነዳና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ማጠቡም፣ መመርመሩም፣ የተመረመረውን መመዝገቡም ተራ ወጥቶለት የሚሠራ እንጂ ለአንድ ሰው ትዝታ የሚተው አይደለም። አሮጌ ዕቃን ጠብቆ ማቆየት ማለት መጋዘን ውስጥ መቆለፍ ሳይሆን፣ በየቀኑ የሚቀጥል ሥራ ነው።

ለዓመታት ቆማ የነበረችው ታሊሊን በ1958 ዓ.ም. ተጠግና ወደ ሐዲዷ ተመለሰች። በ1976 ዓ.ም. የተሳፋሪው ጉዞ ቀድሞ ድንጋይ ብቻ ይጫንበት በነበረው የመጨረሻ ክፍል ላይ ተራዘመ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የሰሜን ምዕራብ ዌልስን የስሌት ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ይህች ትንሽ ሐዲድም አብራ ተመዘገበች።

ሐዲዱን ያቆየው የአንድ ባለቤት ቃል ከባለቤቱ ጋር አበቃ። ሥራውን የተከፋፈለው ማኅበር ግን አባላቱ ቢለዋወጡም ቀጠለ። የጋራ ንብረት የተረከበ መሪ ከዚህ የሚወስደው ቁም ነገር፣ ዛሬ የሚሠራውን ዕቃ ነገ ማን እንደሚያጥበው፣ ማን እንደሚለካውና ማን እንደሚመዘግበው ከወዲሁ መወሰን እንደሚገባ ነው።