ከዓዲ ሓቂ በስተምሥራቅ
የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም

(ድምፅ፦ የገበያ ጫጫታ፣ የባጃጅ ጥሩምባ። ቀስ በቀስ ይቀንሳል።)

ተራኪ፦ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ነን። ከገበያው ወጣ ሲሉ ጅምር ፎቆች ይታያሉ፤ ፌሯቸው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ባለቤቱ ገንዘብ እስኪያገኝ የሚጠብቁ። ከዚህ ወደ ምሥራቅ፣ ኩሓን አልፎ የሚሄደው መንገድ ወደ አብዓላ ይወርዳል። መቀሌ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከቁልቁለቱ ማዶ ያለው የዳናክል ዝቅተኛ ምድር ደግሞ ዳሎል ላይ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይሰጥማል። መቀሌን አልፎ አልፎ የሚያንቀጠቅጣት ነገር የሚነሣው ከዚያ ቁልቁለትና ከሥሩ ነው።

ነሐሴ 1994 ዓ.ም. የሆነው እንዲህ ነበር። ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር በሚሰበርበት አካባቢ፣ መሬት ደጋግሞ ተናወጠ። የትልቁ መጠን 5.6 ተለካ፤ መቀሌ ላይም ተሰማ።

ምክንያቱ የቆየ ነው። ዐረቢያን የተሸከመው የምድር ንጣፍ ከአፍሪካ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር እየራቀ ይሄዳል። ዐለቱ ግን ወዲያው አብሮ አይንሸራተትም። በዐለቱ ስንጥቅ ግራና ቀኝ ያለው ክፍል እርስ በርሱ ተነክሶ ይቆያል፤ ውጥረቱ ለአሥርት ዓመታት፣ አንዳንዴም ለመቶ ዓመታት ይጠራቀማል። መያዝ ሲያቅተው በሰከንዶች ውስጥ ይንሸራተታል፤ በደጋው ጠርዝ ላይ አንዱ ወገን ወደ ታች ይወርዳል። ከተጠራቀመው ጉልበት ከፊሉ ሞገድ ሆኖ በየአቅጣጫው ይሄዳል። ቤታችንን የሚንጠው እሱ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ክፍተቱ 8 ሜትር ደረሰ። ይህን የነገሩን ሳተላይቶች ናቸው፤ ከመከፈቱ በፊትና በኋላ የተነሡት የራዳር ምስሎች ሲነጻጸሩ መሬቱ የት ስንት እንደተገፋ ታየ። የሚገርመው፣ ይህን ያህል ምድር ሲከፈት ከተመዘገቡት መንቀጥቀጦች 6 የደረሰ አለመኖሩ ነው። ሥራውን በአብዛኛው የሠራው ከሥር ሰርጎ የገባው ቅልጥ ዐለት ነበርና። በ2017 ዓ.ም. አዋሽና ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው፣ አዲስ አበባን ደጋግሞ የነቀነቀውና ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ያፈናቀለውም የዚህ ዘመድ ነው።

(ድምፅ፦ የመዶሻ ምት፣ የግንበኛ ጥሪ።)

ተራኪ፦ መንቀጥቀጥን የሚለካው፣ ሳይስሞሜትር የሚሉት መሣሪያ አሠራሩ ለግንበኛ አዲስ አይደለም። ቱምቢ ሰቅላችሁ የያዘውን እንጨት በድንገት ብታንቀሳቅሱት፣ ክብደቱ ለቅጽበት ባለበት ይቀራል። መሣሪያው ውስጥም የተንጠለጠለ ክብደት አለ፤ መሬት ስትንቀሳቀስ እሱ ወደኋላ ይቀራል፣ ልዩነቱም በኤሌክትሪክ ይመዘገባል። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ያለው እንቅስቃሴ ለየብቻ ይለካል።

መጀመሪያ የሚደርሰው ፈጣኑ ሞገድ ነው፤ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቀጥሎ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚጓዘው፣ ወደ ጎን የሚንጠው ይመጣል። ከዓዲ ሓቂ 60 ኪሎ ሜትር ላይ ዐለት ቢንሸራተት፣ የመጀመሪያው በ10 ሰከንድ፣ ሁለተኛው በ17 ሰከንድ ግድም ይደርሳል። ባለሙያዎች የሁለቱን ልዩነት በሰከንድ ለክተው በ8 ያባዙትና ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት ያገኙታል። አንድ የመለኪያ ጣቢያ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን በእርግጠኝነት አይነግርም፤ ሦስት ጣቢያዎች ሲተባበሩ ቦታው ይለያል። ጥልቀቱን ለማወቅ ግን ቅርብ ያለ ጣቢያ ያስፈልጋል። በዜና «10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት» ሲባል ትሰማላችሁ። ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር የተለካ ሳይሆን፣ በቂ መረጃ ሲጠፋ በኮምፒውተር የሚሞላ ነው።

መጠኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቻርልስ ሪክተር መለኪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ለደቡብ ካሊፎርኒያ ነበር። ዛሬ ትላልቆቹ የሚሰሉት የተንሸራተተውን ስንጥቅ ስፋት፣ የተንሸራተተበትን ርቀትና የዐለቱን ጥንካሬ በማባዛት ነው። አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚወጣው ጉልበት 32 ጊዜ ያህል ይጨምራል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ቱርክን የመታው 7.8 ነበር፤ በጉልበት ከመቀሌው 5.6 ወደ 2 ሺህ እጥፍ ይጠጋል።

ቁጥሩ ግን ቤት ይፍረስ አይፍረስ አይናገርም። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው፣ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶን ያወደመው ርዕደ መሬት በ6 እና በ7 መካከል ነበሩ፤ በዓለም ደረጃ ግዙፍ የሚባሉ አይደሉም። ጉዳቱ የከፋው ቅርብ ስለነበሩ ነው። እነዚህንና ከእነሱ በፊት የነበሩትን አሰባስቦ መጽሐፍ ያደረገው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን ነው። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ያቋቋመው መጀመሪያ የምድርን መግነጢስ ለመለካት ነበር። መሣሪያ ላልነበረበት ዘመን ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ጽሑፍ ላይ «ምን ወደቀ? ማን ሸሸ?» እያለ የንዝረቱን ብርታት ገመተ። እኔ እንደማየው ከእሱ የበለጠ ውለታ የዋለልን የለም።

ወደ ዓዲ ሓቂ ስንመለስ፣ የመቀሌ ምድር አንድ ዓይነት አይደለም። የኖራ ድንጋይ አለ፣ ሼል የሚባለው በቀላሉ የሚፈረፈር ዐለት አለ፣ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ በየሜዳው ደግሞ ዋልካ። ሞገድ ከጠንካራ ዐለት ወደ ለስላሳ አፈር ሲገባ ይዘገያል፣ ንቅናቄውም ይጎላል። በዚያ ላይ ምድር ቤቱ ለሱቅ ሲባል ግድግዳ የሌለው፣ በኮለን፣ ማለትም በምሰሶ ብቻ የቆመ ፎቅ አለ፤ ከላይ ያለው የብሎኬት ክብደት ሲወዛወዝ ጫናው ሁሉ እዚያ ኮለን ላይ ይወድቃል።

ርዕደ መሬት በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይመጣል ብሎ መተንበይ የሚችል ሳይንቲስት የለም። የሕንፃ ደንብ ግን አለን፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በ2015 ታድሷል። ፎቅ የምታሠሩ አድማጮቻችን፣ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ወደ ኮለኑ ቀርባችሁ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረውን እስታፋ እዩ። ከታችና ከላይ ጫፍ ላይ ጠበቅ ጠበቅ ብሎ መታሰር፣ መንጠቆውም ወደ ኮለኑ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ካልሆነ መሐንዲሱን ጠርታችሁ አስፈቱት፤ አርማታ ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም።