ከሥዕሉ ሥር ያለው አፈር

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ለገ ኦዳ ዋሻ ይባል እንጂ ጨለማ ጓዳ የለውም። ገደሉ ወደ ፊት ተደፍቶ ዝናብና ፀሐይ የሚከልል መጠለያ ነው። ግድግዳው ላይ ሻኛ የሌላቸው ከብቶች፣ ላታቸው የሰፋ በጎች፣ የሰው ምስሎችና ትርጉማቸው ያልታወቀ ምልክቶች ተሥለዋል። ፓቬል ቼርቪቼክ የተባለ ተመራማሪ ስለ ሥዕሎቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ጥናት አሳትሟል። ስለ ጥበቃቸው ሲነሳ የሚወራው ግን ሁልጊዜ ስለ ግድግዳው ነው። ስለ ወለሉ የሚጨነቅ ጥቂት ነው።

ዕድሜን ያህል ጥያቄ ግድግዳው ብቻውን አይመልስም። ቀዩ ቀለም ብረት አዘል አፈር ነው፤ የካርቦን ልኬት ደግሞ ሕይወት ከነበረው ነገር፣ ከከሰል ወይም ከአጥንት ይነሳል። ስለዚህ ባለሙያዎች ወደ እንስሳቱ ይዞራሉ፦ ሻኛ የሌለው ከብት ቀዳሚ፣ ባለሻኛውና ግመሉ ተከታይ ነው ይላሉ። ይህ ቅደም ተከተልን ይጠቁማል እንጂ ዓመት አይቆጥርም። (ግመል ያልሣለ ሠዓሊ ግመል አላየም ወይስ አላማረውም? ማን ያውቃል።)

ወለሉ ግን ይቆጠራል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ዴዝሞንድ ክላርክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለገ ኦዳን ሲቆፍሩ ጥቃቅን የድንጋይ ስለቶች አወጡ፤ የጥንቱ ንብርብር ዕድሜም ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖ ተገኘ። ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ቄሱ ቴያር ደ ሻርዳን እና ጀብደኛው ጸሐፊ ሄንሪ ደ ሞንፍሬ በ1929 ደረሱበት፤ በ1933 የቅድመ ታሪክ ተመራማሪው ቄስ ብረይ ቆፈረው፤ በ1970ዎቹ ክላርክና ሌሎች ተከተሉ። ያኔ በቁፋሮ ከወጣው ውስጥ 4,213 የቀይ አፈር ቁርጥራጮች፣ በድምሩ 40 ኪሎ ግራም፣ ከነመፍጫ ድንጋዮቻቸው ተለቅመው በቅርብ ዓመታት ተጠንተዋል። ዕድሜያቸው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ከዚህ እጅግ ኋላ የመጡ ናቸው። ሰዎች በዚያ ቦታ ቀለም ሲፈጩ የኖሩት ሥዕሎቹ ከመሣላቸው አስቀድሞ እንደሆነ የነገረን አፈሩ ነው።

የወለሉን ዋጋ አለማስተዋል ምን እንደሚያስከፍል ፈረንሳዮች ያውቁታል። ላስኮ የተባለው ባለሥዕል ዋሻቸው በ1940 ተገኝቶ በ1948 ለሕዝብ ሊከፈት ሲል፣ ጎብኚ እንዲመቸው ተብሎ የወለሉ አፈር ያለ በቂ ጥናት ተጠርጎ ወጣ። የጎብኚዎቹ ትንፋሽ ሥዕሎቹን ሲያበላሽ ዋሻው በ1963 ተዘጋ፤ ትንፋሹን ማስቆም ተችሏል፣ የተጣለውን አፈር ግን መመለስ አልተቻለም። ሆኖም አንድሬ ግሎሪ የተባለው ቄስ ከተረፈው አፈር ውስጥ ከቀይ ድንጋይ የተጠረበ የስብ መብራት በ1960 አገኘ። ሠዓሊዎቹ በጨለማ እንዴት እንደሠሩ ከሚናገሩ ግሩም ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ይከለክላል፤ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያዛል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አንድን ሥፍራ ጥብቅ ክልል ብሎ የሚያውጅበት አንቀጽም አለው። ችግሩ ጉዳቱ የሚደርሰው ቁፋሮ የሚባል ነገር ሳይነሳ መሆኑ ነው። ከብት የሚያድርበት መጠለያ ውስጥ የተከማቸው ፍግ ለማሳ ይዛቃል፤ እረኛ እሳት ያነድዳል፤ ለጎብኚ ተብሎ ወለሉ ይደለደላል፣ ደረጃ ይሠራል። የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ይመስለኛል፤ ከቅርስ እንክብካቤ ስለሚቆጠር ማንም አይከሰስበትም። የፍግ ባለቤቱን መክሰስስ ፍትሕ ነው? ሌላ ፍግ የሚያገኝበትን መንገድ አመቻችቶ ከእርሱ ጋር መስማማት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳይ ቡድን በሶማሌላንድ ያስተዋወቀው ባለሥዕል መጠለያ ላስ ጌል፣ አንገታቸው በጌጥ የተዋበ ከብቶች አሉት፤ እንደ ለገ ኦዳ ካሉት የሐረርጌ ሥዕሎች ጋር ዝምድናቸው ግልጽ ነው። የትኛው የትኛውን ቀደመ የሚለው ክርክር ግን ከሁለቱም ወገን ያልተነካ ወለል ይፈልጋል። ስለዚህ መጠለያ ሲከለል ወሰኑ ግድግዳው ሥር ማለቅ የለበትም፤ የጥንት ነዋሪዎች ቆሻሻቸውን የጣሉበት ከፊት ያለው ቁልቁለትም ይጨመርበት፣ ደረጃ ከመሠራቱ በፊትም መርማሪ ጉድጓድ ይቆፈር።