ቲማቲም በቀዝቃዛ አገር፤ የሆላንድ አትክልተኞች ያገኙት ጥቅምና የከፈሉት ዋጋ

ቲማቲም ሙቀት የሚወድ ተክል መሆኑ የታወቀ ነው። የሌሊቱ ብርድ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግራድ በታች ሲወርድ እድገቱ ይዳከማል፤ አበባውም ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ስለዚህ ሰማይዋ ዘወትር ደመና በሚያዘወትራት በሆላንድ አገር ቲማቲምን ለንግድ ማምረት የማይሞከር ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህች አገር ቲማቲምን ወደ ውጭ ከሚልኩት ዋነኞች አገሮች አንዷ ለመሆን በቅታለች። ይህ እንዴት እንደተቻለና በመካከሉ ምን ጉዳት እንደደረሰ መመርመር ለነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል።

በሄግና በሮተርዳም ከተሞች አቅራቢያ ዌስትላንድ በተባለው አውራጃ መሬቱን የሸፈኑት በመስተዋት የተሠሩ የአትክልት ቤቶች ናቸው። በ1959 እ.ኤ.አ. በግሮኒንገን ክፍለ ሀገር ታላቅ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ከተገኘ በኋላ አትክልተኞቹ በጋዝ የሚሞቅ ውሃ በወለሉ ላይ በተዘረጉ ቧንቧዎች እያዘዋወሩ ቤቶቹን ያሞቁ ጀመር። ጋዙ ሲነድ የሚወጣው የካርቦን አየርም ለተክሉ ምግብ ሆኖ ይሰጠዋል። በዚህ አኳኋን በታኅሣሥ ወይም በጥር የተተከለው ቲማቲም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ይለቀማል።

ነገር ግን ሙቀት ብቻውን አይበቃም። ጎህ ሲቀድ የቤቱ አየር ከፍሬው ቀድሞ ስለሚሞቅ በቀዝቃዛው ፍሬና ግንድ ላይ ጤዛ ይወርዳል፤ ከጤዛውም ግራጫ ሻጋታ ይነሣል። ስለዚህ ብልህ አትክልተኛ ማሞቂያው እየነደደም ቢሆን የጣራውን መስኮት በመጠኑ ከፍቶ እርጥበቱን ያስወጣል። የነዳጁ ገንዘብ በጣራ የሚወጣ ቢመስልም አዝመራው በሙሉ ከሚበሰብስ ይሻላል። የጎን ቅርንጫፎችና የታችኞቹ ቅጠሎችም በየጊዜው ይለቀማሉ። ነፋስ በሌለበት ቤት አበባውን የሚያራግፈው ባለመኖሩ ቀድሞ ሠራተኞች በመሣሪያ ያንቀጠቅጡት ነበር፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ጠጉራም የሆነ ትልቅ የአውሮፓ ንብ ይህንን ሥራ ተረክቧል። ንቡ እንዳይሞት ሲባልም የተባይ መርዝ መርጨት ቀንሷል።

ብርዱና ሻጋታው በቁጥጥር ሥር ከዋሉ በኋላ ግን ያልታሰበ ችግር ከገበያ በኩል መጣ። አትክልተኞቹ ዘር የመረጡት ብዙ እንዲያፈራና መንገድ እንዲችል ብቻ ነበር። የብዙ ሰዎች ምርት በጨረታ በአንድነት ይሸጥ ስለነበረም ጣዕም ያለውን ያቀረበ የተለየ ዋጋ አያገኝም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታላቋ ደንበኛቸው ጀርመን የሆላንድን ቲማቲም «የውሃ ቦምብ» ብላ ተሳለቀችበት፤ ገዢዎችም ወደ እስፓኝና ወደ ሌሎች አገሮች ፍሬ ዘወር አሉ። በቀዝቃዛ አገር በብዙ ወጪ የተገነባው ንግድ በአንድ የቅጽል ስም ተናጋ።

መድኃኒቱ የተገኘው ዘሩንና አሻሻጡን በመለወጥ ነው። ለጣዕማቸው የተመረጡ ዓይነቶች፥ በዘለላ ላይ እንዳሉ የሚሸጡ ቲማቲሞችና ጣፋጭ ትንንሽ ፍሬዎች ወጡ። በ1996 እ.ኤ.አ. በርካታ የጨረታ ማኅበሮች ተዋሕደው ከታላላቅ መደብሮች ጋር በቀጥታ መዋዋል ጀመሩ።

ሌላው ፈተና ነዳጅ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የጋዝ ዋጋ እጅግ በናረ ጊዜ ብዙ አትክልተኞች ተከላቸውን አዘግይተዋል፤ አንዳንዶቹም ክረምቱን ቤታቸውን ባዶ አስቀምጠዋል። የግሮኒንገንም ጋዝ፥ ማውጣቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ስላስከተለ፥ በ2023 እ.ኤ.አ. መመረቱ ቆሟል። ሙቀትን በገንዘብ የሚገዛ ሁሉ የነዳጁን ገበያ እንደ አዝመራው መጠበቅ እንዳለበት ይህ ያስረዳል።

ይህ ልምድ ለአገራችን ነጋዴም እንግዳ አይደለም። ከመቂና ከዝዋይ እርሻዎች የሚመጣው ቲማቲም የሚሸጠው ሌሊቱ በሚበርድባቸው የደጋ ከተሞች ነው። ያልበሰለ ቲማቲም ከ10 ዲግሪ በታች ለብዙ ቀን ከቆየ መልኩ በደንብ አይቀላም፤ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለሱቅ ሳጥኑን ከቀዝቃዛ ወለል ቢያነሣ፥ ያልቀላውንም ፍሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ባያኖር ይበጀዋል። አስመጪና ላኪም በኪሎ ብዛት ከመደሰቱ አስቀድሞ ፍሬውን ቆርሶ ይቅመስ፤ የገዢ ምላስ የሚሰጠውን ፍርድ ሚዛን አይሽረውምና።