በመንደር አዳራሽ የሚዞረው የኦፔራ ቧልት

ሁለት ሴቶች ወለል የሚጠርግ የሐር ቀሚስ ለብሰው፣ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አጣምረውና ፊታቸውን እንደ ጸሎተኛ አክብደው ከፒያኖው አጠገብ ይቆማሉ። አጃቢው ጥቂት የኀዘን ድምፅ ካሰማ በኋላ አንደኛዋ በተማረና በጠራ የሶፕራኖ ድምፅ «ሚያው» ትላለች፤ ሁለተኛዪቱም ለጥቂት ጊዜ ከገላመጠቻት በኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በዚያው ቃል ትመልስላታለች። ዘፈኑ ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው ሌላ ቃል የለውም። በዝግታ የጀመረው ዜማ እየፈጠነ በሄደ መጠን ድመቶቹ ከመተዋወቅ ወደ መቀናናት፣ ከመቀናናትም ወደ ግልጽ ጠብ ይሻገራሉ፤ ዘፋኞቹ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ አይሉም፤ ፈገግ ያሉ እንደሆነ ጨዋታው ፈረሰ።

ይህ የሁለት ድመቶች ቅብብል በኢጣልያዊው በሮሲኒ ስም ይጠራ እንጂ፣ በ1825 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለኅትመት የበቃው ጂ. በርቶልድ በሚል የብዕር ስም ሲሆን፣ የስሙ ባለቤትም ሮበርት ሉካስ ፒርሶል የተባለው እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ እንደ ነበረ ይታመናል። ሰውየው መግቢያውን በዴንማርክ ይኖር ከነበረው ከሙዚቃ ደራሲው ከቫይዘ፣ አብዛኛውን የቀረውን ክፍል ደግሞ ሮሲኒ በ1816 ከደረሰው «ኦቴሎ» ከተባለው ኦፔራ ወስዶ አሰባሰበው። እንግዲህ በቅናት ነዶ ሚስቱን ስለገደለ የጦር አለቃ ከተደረሰ ኦፔራ የተወሰደ ዜማ በድመት አፍ ሲገባ የማይስቅ ማን ነው?

ይህን የመሰለውን ጨዋታ ዋዛ ነው፣ ለዋዛም ብዙ ትምህርት አያሻም የሚሉ አሉ። እኔ ግን ነገሩ ግልባጩ ይመስለኛል። በዜማ ቤት ጓደኞቹን ለማሳቅ የመሪጌታውን አዘማመር የሚያስመስል ተማሪ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን አጥርቶ ያላወቀ እንደሆነ የሚሳቅበት ራሱ እንደሚሆን ሁሉ፣ የኦፔራ ቧልተኛም ድምፁ ከሰነፈ ታዳሚው የሚያየው ቧልቱን ሳይሆን ድካሙን ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ አብልጬ የማደንቃቸው በ1974 በኤድንበራ የጥበባት በዓል ላይ ስማቸው የገነነው ፓትሪክ ፋይፍና ጆርጅ ሎጋን የተባሉ ሁለት ወንዶች ናቸው። ፋይፍ እመቤት ሂልዳ ብራኬትን፣ ሎጋን ደግሞ ዶክተር ኢቫድኒ ሂንጅን ሆነው፣ በሰፎክ አውራጃ ስታክተን ትረስል በተባለች የልብ ወለድ መንደር የሚኖሩ፣ ከመድረክ የተሰናበቱ ሁለት ባልቴቶች መስለው ይቀርቡ ነበር። (በእኛም አገር ቴያትር በተጀመረበት ዘመን የሴቶቹን ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ስለሆኑ ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።) ባልቴቶቹ በወጣትነታቸው ዘመን «ሮዛ ቻርልስ» ከተባለ የኦፔራ ጓድ ጋር ዘፍነናል ሲሉ፣ ቀልዱ የገባው ታዳሚ ወዲያው ይስቃል፤ በ1873 ተቋቁሞ እስከ 1960 ድረስ በብሪታንያ ከተሞች እየዞረ ኦፔራን በእንግሊዝኛ ያሰማ የነበረው እውነተኛው ጓድ ስሙ ካርል ሮዛ ነበርና። ሎጋን ፒያኖውን እየመታ፣ ፋይፍም በቀጭን የሴት ድምፅ የጊልበርትንና የሰሊቫንን የቧልት ኦፔራ ዘፈኖች ሲያዜም፣ ከዘፈን ወደ ዘፈን የሚያሻግሩበት ትንሽ ጭቅጭቅ፣ ማለትም የአንደኛዪቱ ኩራትና የሁለተኛዪቱ ቁጥብ ሽሙጥ፣ ከዜማው ባላነሰ ይናፈቅ ነበር። በ1983 ቢ.ቢ.ሲ. ተከታታይ ትርኢታቸውን በቴሌቪዥን ማሳየት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ምሽትም የለንደኑ ንጉሣዊ ኦፔራ ቤት የዮሐን ሽትራውስን «የሌሊት ወፍ» ሲያሳይ፣ ዝነኛው ዘፋኝ ፕላሲዶ ዶሚንጎ ኦርኬስትራውን በሚመራበት መድረክ ላይ ሁለቱ የመንደር ባልቴቶች በእንግድነት ቀረቡ።

የእነርሱ መንደር በካርታ ላይ ባይገኝም፣ የዛሬዎቹን የኦፔራ ቧልተኛ ጥንዶች የሚያስተናግዱ የእውነት መንደሮች በእንግሊዝ ሞልተዋል። ብዙ የመንደር አዳራሾች ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በጦርነቱ ለሞቱት የመንደሩ ልጆች መታሰቢያ የተሠሩ ናቸው፤ ጠባብ መድረክ፣ አንዲት ወጥ ቤትና የሚደራረቡ ወንበሮች አሏቸው፤ ጧት ሕፃናት የሚጫወቱበት ቤት ማታ የቴያትር አዳራሽ ይሆናል። የገጠር ትርኢት አዟሪ ማኅበሮች የዘፋኞችን፣ የተዋንያንንና የተራኪዎችን ዝርዝር ያቀርባሉ፤ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የመንደሩ ሰዎች ከዝርዝሩ የወደዱትን መርጠው ቲኬቱን ይሸጣሉ፤ ገቢው የዘፋኞቹን ክፍያ ያልሸፈነ እንደሆነም ጒድለቱን ለጥበባት ከተመደበ የሕዝብ ገንዘብ የሚያገኘው ማኅበር ይሞላል። መዘምራኑንና ኦርኬስትራውን ይዞ የሚሄድ ትልቅ ኦፔራ ወደዚህ ሊመጣ አይችልም፤ ሁለት ዘፋኞችና አንድ አጃቢ ግን ከነሻንጣቸው በአንዲት መኪና ይገባሉ። በዕረፍቱ ሰዓት ሻይ ይቀዳል፣ የዕጣ ቲኬትም ይዞራል፤ የዕጣው ገንዘብ ለጣራው ማደሻ ይሆናል።

የሚያስቸግረው ፒያኖው ነው። ሙቀት በማያገኝ ክፍል የከረመ አሮጌ ፒያኖ ቅኝቱን ስለሚስት፣ ጠንቃቃው አጃቢ የኤሌክትሪኩን ይዞ ይመጣል፤ ብልኁ ደግሞ አስቀድሞ ደርሶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይሞክርና የማይጮኸውን ሲያገኝ ለዘፋኞቹ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም በዚያ ድምፅ ላይ በደረሱ ቊጥር ዘወር ብለው ይገላምጡታል።