ሊጉ ገና ነው፣ ክርክሩ ግን ጦፏል

«ክረምቱ እንዴት አለፈ?» ይሄ ጥያቄ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠየቅ ይመስላል። እኔ ግን እንደታዘብኩት መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌላ ነው። «ዘንድሮ እንዴት ናችሁ?» ይባላል፤ «እናንተ» የሚባለው ቡድን ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ስለሆነ፣ እኛ ደብተር ሸፍነን ክፍል እስክንገባ ድረስ እያንዳንዱ ቡድን አራት አምስት ጨዋታ ተጫውቷል። ስለዚህ ለብሽሽቅ የሚሆን ነገር ሞልቷል። አንዱ «ዋንጫው ዘንድሮ የኛ ነው» ይላል፣ ሌላው «እናንተማ ዘንድሮ አለቀላችሁ» ብሎ ይመልሳል። ሰልፉ ሳያልቅ ክርክሩ ይጦፋል።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። በኋላ «አድልተሃል» እንዳልባል ከአሁኑ ልናገረው። ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ግን የማንቼውንም፣ የሊቨርፑሉንም፣ የቼልሲውንም ነው፦ አንድ ቡድን በመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች ያሳየው ነገር ስለ ቀሪው ዓመት ምን ያህል ይነግረናል?

ራሴን በሚያመኝ ምሳሌ ልጀምር። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2011) ማንቸስተር ዩናይትድ አርሰናልን 8 ለ 2 አሸነፈ። ብዙዎቻችሁ ያኔ ሕፃናት ነበራችሁ፤ ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ ግን የት ሆነው እንዳዩት ይነግሯችኋል። ጨዋታው የሊጉ ሦስተኛው ነበር። አርሰናል ከሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ ብቻ ይዟል። ዩናይትድ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ 21 ግብ አስቆጠረ። በዚያን ሰሞን በየዲ.ኤስ.ቲቪ ቤቱ የነበረውን ወሬ መገመት ትችላላችሁ። ለዩናይትድ ዋንጫው ተሰጠ፤ ለእኛ ለቅሶ ቤት ተዘጋጀልን።

ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ? አርሰናል በ70 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ዩናይትድ ደግሞ ጥቅምት ላይ በገዛ ሜዳው በማንቸስተር ሲቲ 6 ለ 1 ተሸነፈ፣ ግንቦት ላይም ዋንጫውን ለዚያው ለሲቲ አስረከበ። ሁለቱም እኩል 89 ነጥብ ነበራቸው፤ የለያያቸው የግብ ክፍያ ነው። ሲቲ 64፣ ዩናይትድ 56። ልዩነቱ 8 ግብ ብቻ! ያ ሁሉ ፉከራ በ8 ግብ ተበላ ማለት ነው።

ነሐሴ ላይ ያየነው ነገር ውሸት ነበር ማለት አይደለም። 8 ለ 2 እውነት ነው። ያልተጠየቀው ግን ያኔ የተጫወተው አርሰናል የትኛው አርሰናል ነበር የሚለው ነው። ፋብሪጋስና ናስሪ በዚያው ወር ተሸጠው ሄደዋል። ሶንግ፣ ጄርቪኞና ፍሪምፖንግ በቅጣት የሉም፤ ዊልሼርና ቨርማለን ተጎድተዋል። የዝውውር መስኮቱ ደግሞ ገና አልተዘጋም ነበር። ከሽንፈቱ ሦስት ቀን በኋላ፣ በመስኮቱ የመጨረሻ ዕለት፣ ሜርተሳከርና አርቴታ መጡ። ቫን ፐርሲ በዚያ ዓመት በሊጉ 30 ግብ አስቆጥሮ የግብ አግቢዎች አንደኛ ሆነ። (በቀጣዩ ዓመት የት እንደሄደ እኔ አልነግራችሁም፤ የማንቼ ደጋፊዎች በደስታ ይነግሯችኋል።) ስለዚህ ነሐሴ ላይ የተሸነፈው ቡድንና ሦስተኛ የወጣው ቡድን ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሰዎቹ አንድ አልነበሩም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንጨምር፤ አትሽሹ፣ ቀላል ነው። ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል አስቡ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሳንቲም አምስት ጊዜ ወደ ላይ ይወርውርና አንበሳ ወይም ዘውድ ብሎ ይመዝግብ። ከስልሳው ውስጥ ስንቱ ከአምስቱ አራቱን ወይም አምስቱንም አንድ ዓይነት ጎን ያገኛል? ብዙ ሰው «ሦስት አራት ተማሪ» ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን ሃያ ሁለት ገደማ ነው። ሊሆኑ ከሚችሉት 32 አወራረዶች ውስጥ 12ቱ እንደዚያ ናቸውና። ሳንቲሙ ምንም ችሎታ የለውም፤ ግን ከክፍሉ ሲሶው «የአንበሳ ጊዜ ነው» ወይም «የዘውድ ጊዜ ነው» ብሎ መፎከር ይችላል። ያንኑ ሳንቲም 38 ጊዜ ብትወረውሩትና ከአምስት አራቱን ያህል፣ ማለትም 31 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ አንድ ጎን እንዲወጣ ብትጠብቁ በሺህ ሙከራ አንድ ጊዜ እንኳ ላይገጥማችሁ ይችላል። ቁጥሩ ሲበዛ ዕድል ይደክማል።

አንድ የፕሪሚየር ሊግ ቡድን በዓመት 38 ጨዋታ ነው የሚያደርገው። አምስቱ ከመቶ 13 ያህል ነው። እግር ኳስ ደግሞ ግብ የሚወደድበት ጨዋታ ነው፤ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ሦስት ገደማ ግብ ይቆጠራል። በቅርጫት ኳስ አንዲት የዕድል ቅርጫት ከሰማንያው ነጥብ መሐል ትጠፋለች። በእግር ኳስ ግን ተከላካይ እግር ነክታ አቅጣጫ የቀየረች አንዲት ኳስ፣ አንድ ቀይ ካርድ፣ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ሦስት ነጥብ ከአንዱ ኪስ አውጥታ ሌላው ኪስ ትከታለች። ዓመቱ ሲረዝም እነዚህ ነገሮች ይካካሳሉ። በአምስት ጨዋታ ግን መካካሻ ጊዜ የላቸውም።

የሃል ሲቲን ታሪክ የሰማችሁ አላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2008/09 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ከፍተኛው ሊግ የወጣ ቡድን ነው። ከዘጠኝ ጨዋታ 20 ነጥብ ሰበሰበ። አርሰናልን በኤምሬትስ (አዎ፣ እኛኑ!)፣ ቶተንሃምንም በሜዳው አሸነፈ። ከላይ ካሉት ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነ። ሰው ሁሉ «ይሄ ቡድን ምን በልቶ ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ በቀሩት 29 ጨዋታዎች ያገኘው 15 ነጥብ ብቻ ነው። በ35 ነጥብ አሥራ ሰባተኛ ሆኖ ለጥቂት ከመውረድ ተረፈ።

አሁን ወደ ኋላ ተመልሰን ያንን የዘጠኝ ጨዋታ ሰንጠረዥ እንየው። ስድስት ድል አለ። ከስድስቱ አምስቱ በአንድ ግብ ልዩነት የተገኙ ናቸው። በዊጋን ደግሞ በሜዳው 5 ለ 0 ተሸንፏል። ያገባው 14፣ የገባበት 11። ሃያ ነጥብ ይዞ የግብ ክፍያው 3 ብቻ! ነጥቡ «ትልቅ ቡድን ነኝ» ይላል፣ የግብ ክፍያው ደግሞ «ቀስ በሉ» ይላል። እኔ እንደዚህ ሲጣሉ የማምነው የግብ ክፍያውን ነው። በአንድ ግብ ማሸነፍ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ግን በአንድ ግብ ያሸነፈ ሰው ነገ በአንድ ግብ ሊሸነፍ ይችላል።

ማንን ገጥሞ ነው የሚለውም ጥያቄ አለ። ክሪስታል ፓላስ እ.ኤ.አ. በ2017/18 የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ፤ አንድም ግብ አላገባም። አሰልጣኙ ደ ቡር ከአራት የሊግ ጨዋታ በኋላ ተባረረ። ሰንጠረዡን ብቻ ላየ ሰው ፓላስ ሞቷል። ነገር ግን ከሰባቱ ውስጥ ሊቨርፑልን፣ ማንቸስተር ሲቲንና ማንቸስተር ዩናይትድን ከሜዳው ውጪ ገጥሟል። ዋናው አጥቂው ዛሃም በመጀመሪያው ጨዋታ ተጎድቶ ነበር። በስምንተኛው ጨዋታ ዛሃ ተመለሰ፣ የወቅቱን ሻምፒዮን ቼልሲን 2 ለ 1 አሸነፉ፣ የማሸነፊያውን ግብ ያገባውም እሱ ነው። ዓመቱን አሥራ አንደኛ ሆነው ጨረሱ።

እዚህ ጋ አንድ ጎበዝ ተከራካሪ እጁን እንደሚያወጣ አውቃለሁ። «እሺ፣ ጅምር ምንም አይናገርም ማለት ነው?» አይደለም! አንዳንዴ ጅምሩ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። ቼልሲ እ.ኤ.አ. በ2015/16 ሻምፒዮን ሆኖ ገብቶ ከአምስት ጨዋታ 4 ነጥብ ብቻ ሲያገኝ «ይመለሳል» ተባለ። አልተመለሰም። ሞሪንሆ ዲሴምበር ላይ ተሰናበተ፣ ቡድኑ አሥረኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ሌስተር ከአምስት ጨዋታ 11 ነጥብ ሲይዝ «ያልፍለታል» ተባለ። አላለፈለትም፤ በ81 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ። ሌስተር በዓመቱ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን ከሦስቱ ሁለቱን ያሸነፍነው እኛ ነን። ሁለቴ አሸንፈነው እኛ በ10 ነጥብ ርቀን ሁለተኛ ወጣን። ይሄን ለምን እንደነገርኳችሁ ገብቷችኋል። ተቀናቃኝን ማሸነፍ ለብሽሽቅ ያህል ጣፋጭ ነው፣ ሰንጠረዡ ላይ ግን ከማንም ጋር ሲጫወቱ እንደሚገኘው ሦስት ነጥብ ነው።

የክርክሩ ሌላው ችግር ዓይናችን ነው። ልብ ብላችሁ አዳምጡ። የእኛ ቡድን ሲሸነፍ ዳኛው ነው፣ ጉዳት ነው፣ ዝናቡ ነው። የተቀናቃኙ ሲሸነፍ ግን «ድሮም ቡድን የላቸውም!» የእኛ በመጨረሻ ደቂቃ ሲያሸንፍ ወኔ ነው፤ እነሱ በመጨረሻ ደቂቃ ሲያሸንፉ ዕድል። አንድ ዓይነት ነገር ለሁለት ስም እንሰጠዋለን። እኔ በሰፈራችን ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ስቀመጥ አንዳንዴ ጨዋታውን ትቼ ይሄንኑ ነው የማዳምጠው። ከራሱ ቡድን ይልቅ የተቀናቃኙን ጨዋታ በበለጠ ጭንቀት የሚያይ ደጋፊ ሞልቷል፤ የእሱ ቡድን ማሸነፉ ሳይሆን የዚያኛው መሸነፍ ነው እንቅልፍ የሚሰጠው።

ብሽሽቅ እስከሆነ ድረስ ጨዋታ ነው። ብር ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። የቤቲንግ ቤቶች በየመንደሩ ከተከፈቱ ወዲህ የመስከረሙ ክርክር ወደ ቲኬት መቀየሩን ታውቃላችሁ፤ የምሳና የትራንስፖርት ብር ጭምር እዚያ ይገባል። ስለዚህ አንድ ሒሳብ ብቻ ልጨምር። እናንተ በጣም ጎበዝ ናችሁ እንበል። የአንድን ጨዋታ ውጤት ከመቶ ስልሳ ጊዜ በትክክል ትገምታላችሁ፤ ይሄ ቀላል ችሎታ አይደለም። አምስት ጨዋታ በአንድ ቲኬት ላይ ስትደረድሩ ግን አምስቱም መምጣት አለባቸው። 0.6 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.08 ገደማ ይመጣል። ከመቶ ቲኬት ዘጠና ሁለቱ ይወድቃሉ ማለት ነው። ያውም ስልሳው በመቶ የሚገኘው ቡድኖቹን በደንብ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ መስከረም ላይ ደግሞ አሰልጣኞቹ ራሳቸው ቡድናቸውን ገና አላወቁትም። «አንዲት ጨዋታ ብቻ አበላሸችብኝ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ሒሳብ በደብተራችሁ ሠርታችሁ አሳዩት። ሁልጊዜም የምታበላሸው አንዲት ናት።

ለክርክሩ የሚሆን አንድ ነገር ልጠቁማችሁና ላብቃ። የዛሬውን ሰንጠረዥ በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ገልብጡት። ነጥቡን ብቻ አትጻፉ። የግብ ክፍያውን፣ እስካሁን ማንን እንደገጠሙ፣ ስንቱ በሜዳቸው ስንቱ ከሜዳ ውጪ እንደሆነ፣ ማን ተጎድቶ ማን ገና እንደመጣ ከጎኑ አስፍሩ። ከተቀናቃኛችሁ ጋር ሆናችሁ ግንቦት ላይ ማን ስንተኛ እንደሚሆን እያንዳንዳችሁ ግምታችሁን ጻፉና ተፈራረሙበት። የክፍላችሁ ሚኒ ሚዲያ ቢያስቀምጥላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እናንተ ጋ ከቆየ አንደኛው መጥፋቱ አይቀርም። የእኔን ግምት ከፈለጋችሁ፣ አርሰናልን አንደኛ አድርጌዋለሁ። አድልቼ ነው።