የጀማሪውን ሳይኮሎጂስት ሥራ ማን ያይለታል?

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ በተነሣው እሳት ንብረቱ የወደመበት አንድ ነጋዴ፣ እንቅልፍ አልወስደው ብሎ የምክር አገልግሎት ፈልጎ መጣ እንበል። የተቀበለው ሳይኮሎጂስት በቅርቡ የተመረቀ ነው፤ የሙያ ፈቃድ ገና አላገኘም። ነጋዴው በወሬው መሀል «ባልኖር ይሻለኝ ነበር» አለ። ይህ የምሬት ቃል ነው ወይስ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ንግግር? ለቤተሰብ ይነገር ወይስ አይነገር? ጀማሪው ከትምህርቱ ጥያቄዎቹን ያውቃል፤ እዚህ ሰው ላይ እንዴት እንደሚመለሱ ግን የሚያሳየው ብዙ ታካሚ ያየ ሰው ነው።

ክሊኒካል ሱፐርቪዥን የሚባለው ይህ ነው። ነባር ባለሙያ የጀማሪውን ሥራ በቋሚ ቀጠሮ እየተከታተለ ያርማል፣ ያስተምራል። ብሪጂድ ፕሮክተር የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራውን በሦስት ከፍላ አስቀምጣዋለች፤ ችሎታን ማሳደግ፣ የሙያውን ሥርዓት ማስጠበቅ እና ባለሙያውን ራሱን መደገፍ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሐዘን ሲሰማ የሚውል ወጣት ግን እሱም ሰሚ ያስፈልገዋል።

ችግሩ ነባር ባለሙያ ማነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሳይካትሪ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ። መፍትሔው መምህራንን መጋራት ሆነ፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየዙሩ ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ሠልጣኞችን ያስተምሩና ሥራቸውን ይከታተሉ ጀመር። ለዛሬው ሳይኮሎጂስትም ከዚህ የሚወሰድ ነገር አለ፤ ጥቂት የሆነውን ሰው ለብቻ ከመፈለግ በጋራ መያዝ ይቀላል።

ፍለጋው ከቅርብ ይጀምራል። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያለው መርካቶ በሚገኝበት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል፣ በአዲስ አበባና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የሚያስተምሩ መምህራን፣ የኢትዮጵያ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበርም መጠየቅ ያለባቸው ናቸው። ጥያቄው በደፈናው «ይርዱኝ» ከሚሆን በአንድ ገጽ ቢጻፍ ይሻላል፤ ምን ዓይነት ታካሚዎች እንደሚመጡ፣ በወር ስንት ሰዓት እንደሚፈለግ፣ ድንገተኛ ነገር ሲገጥም መደወል ይቻል እንደሆነ። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር ይጣራ። ባለሙያው ራሱ የጸና ፈቃድ አለው? ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ለሱፐርቪዥኑ ማስረጃ የእሱን ፊርማ ይቀበላል? የሳይካትሪ ነርስ ወይም ሐኪም ስለ መድኃኒትና ስለ አደጋ ምልክት ብዙ ሊያስተምር ይችላል፤ የንግግር ሕክምናን ለመማር ግን በዚያ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ክፍያውን በተመለከተ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀጣሪው ነው። ጀማሪ ቀጥሮ ታካሚ የሚሰጥ ድርጅት የሱፐርቪዥኑን ወጪ ቢሸፍን ተገቢ ነው፤ ይህም ውል ሳይፈረም መነሳት አለበት። ቀጣሪው እምቢ ካለ የመርካቶ ሰው የሚያውቀው መንገድ አለ። አራት ጀማሪዎች እንደ ዕቁብ በየወሩ እያዋጡ አንድ ነባር ባለሙያ ቢይዙ የእያንዳንዱ ድርሻ ሩብ ይሆናል። እርግጥ ሰዓቱም ለአራት ይከፋፈላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኬዝ የሚያቀርበው በተራ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ጥቃት ወይም የሕፃን ጉዳይ የያዘ ጀማሪ ግን ተራ አይጠብቅም። ጓደኛሞች ብቻቸውን ተሰብስበው መወያየታቸው ጠቃሚና ነፃ ነው፤ ሆኖም ስህተትን አይቶ «ይህን አቁም» የሚል ኃላፊ ስለሌለው ሱፐርቪዥንን አይተካም።

በቡድን ሲሠራ ምስጢር አጠባበቅ ይከብዳል። መርካቶ ውስጥ ስም መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ የታካሚው የገበያ ተራ፣ የሚሸጠው ዕቃና የደረሰበት ኪሳራ ከተነገረ ሰውየው ታወቀ ማለት ነው። ስለዚህ ለጉዳዩ የማያስፈልግ ዝርዝር ይቀራል፤ ታካሚውም ሥራው በነባር ባለሙያ እንደሚታይ ከመጀመሪያው ይነገረዋል። የእያንዳንዱ ስብሰባ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማም ይመዝገብ፤ ከዓመት በኋላ ሰነድ ማሟላት አስቸጋሪ ነው።

ሱፐርቪዥን የሙያ ፈቃድን አይተካም፤ ያለ ፈቃድ የራስን ክሊኒክ ለመክፈትም መብት አይሰጥም። ነባር ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ ጀማሪው ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሰው ወደ ሆስፒታል ማስተላለፍ አለበት። አገልግሎት ፈላጊውም ዝም ማለት አይጠበቅበትም። «ሥራህን ማን ያይልሃል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው፤ በደንብ የሠለጠነ ጀማሪም ጥያቄውን እንደ ድፍረት አይቆጥረውም።